በሰም የመጣ ልክ
ሰቆጣ ላይ ቶርኖ ቤት ከከፈትኩ ወዲህ ብዙ ዓይነት ሰው አይቻለሁ፤ እንደ እኒያ ቄስ ያለ ግን አልገጠመኝም። ከጎረቤት ወረዳችን ከዝቋላ በእግራቸው መጥተው፣ ከጋቢያቸው ሥር በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ሰም አወጡ። ከታች ወፍራም ነው፣ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። «የመስቀላችን መያዣ እንጨት እየላላ አስቸገረን። ሰሙን አቅልጬ እንጨቱ በሚገባበት የመስቀሉ ቀዳዳ ውስጥ አፍስሼ ነው ልኩን ያወጣሁት፤ በዚህ ልክ ብረት ቅረጽልኝ» አሉ። የቁልፍ ልክ በሳሙና የሚያወጣ ሌባ ትዝ አለኝ። መስቀሉ የተሰረቀ ቢሆንስ?

«አባ፣ ራሱን መስቀሉን ቢያመጡት አይሻልም ነበር?»

«የቤተ ክርስቲያን መስቀል ቶርኖ ቤት ይገባል እንዴ?» ብለው ገላመጡኝ።

የሰሙን ሁለት ጫፍ ለካሁ። ብረት የሚቆርጠውን ቢላዋ በሰያፍ የሚመራውን ዕቃ ማሽኑ ላይ ገጥሜ፣ በልኩ አጋድሜ አሰርኩትና ብረቱን ማሾጠጥ ጀመርኩ። ዓይኔን ከእሳቸው አልነቀልኩም፤ እሳቸውም ከእጄ። ብረቱን ሳስረክባቸው ሰሙን መዳፋቸው ውስጥ ጨፍልቀው አድበለበሉት። ይኸው፣ ማስረጃ አጠፉ! አፌን ልከፍት ስል ወደ ማሽኑ ጠቆሙ።

«ያንን ያጋደልከውንም ወደ ቦታው መልሰው።»

«ለምን፣ አባ?»

«ልኩ አንተ ጋ ሊቀር ነዋ! አምሳያውን ሠርተህ መስቀላችንን ብትለውጥብንስ? አንተን በምን አውቄህ?»

ብሎኑን ፈትቼ ቀጥ አደረግኩት። ጎንበስ ብለው አረጋገጡና፣ እንድሳለም የእጅ መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ስሳለመው እንኳ ጠበቅ አድርገው ነበር የያዙት።