ጠግቤያለሁ ባዩ ሰባኪ

አቶ ቀጀላ ከባሕር ዛፍ ጀርባ ቆመው ቆሎ ሲቆረጥሙ ተያዙ። ሽማግሌ ሰው፣ ያውም ወንጌል ሰባኪ፣ ከረባቱን አስሮ ዛፍ ተከልሎ! የያዘቻቸው ኢፍቱ ናት፤ ወለጋ ሳሉ ፊደል ያስቆጠሯት፣ አሁን በነርስነት ተመርቃ በየካ መንደር አራስ የምትጠይቅ ልጅ።

«አባባ ቀጀላ! ደኅና አደሩ? ምነው እዚህ ተሸሸጉ?»

«ደኅና ነኝ ልጄ፤ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፣ ጉንጫቸው እንደ ሞላ። «ወይዘሮ ሎሚ ቤት መሄዴ ነው። ልጃቸው ጂቱ ተገላግላለች። ሕፃኑን መርቄ እግረ መንገዴን ልሰናበታቸው።»

«የምን መሰናበት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ቀጀላ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከወለጋ መጥተው፣ ከየካ ሚካኤል በታች አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው፣ አግዳሚ ወንበር ደርድረው እሑድ እሑድ ይሰብካሉ። መንደርተኛው መንገድ ላይ ባርኔጣ አንሥቶ ሰላም ይላቸዋል፤ ደጃቸውን ግን ከኢፍቱና ከጥቂት የአገር ልጆች በቀር የሚረግጠው የለም። ባዶ ወንበር ለሰባኪ እንዴት ያንገበግባል! ቅስማቸው ተሰብሮ፣ የፊታችን እሑድ ሰብከው በማግስቱ አገራቸው ሊገቡ ቆርጠዋል።

«ቆሎውስ?» አለች ኢፍቱ።

«ኧረ ተይኝ! ሰው ቤት ስገባ ‹ይብሉ› ይሉኛል። ‹ጠግቤያለሁ› ስል ውሸት እንዳይሆንብኝ አስቀድሜ እበላለሁ።»

ኢፍቱ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። «ቢበሉላቸው ምን አለበት?»

«‹ለሆዱ ብሎ ነው የሚሰብከው› እንዳልባል ነዋ! የወንጌል ሰው ሰጥቶ እንጂ ተቀብሎ አይወጣም። እኛ የተማርነው ይኸንን ነው።»

«ድፍረት አይሁንብኝና አባባ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ። ዝም ልትይ ነው እንዴ የተማርሽው?»

«ሴቶቹ ስለ እርስዎ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ? ‹ያ ሰውዬ እጃችንን ይጸየፋል› ነው የሚሉት። ባለፈው ወይዘሮ ሎሚ ጭኮ ቢያቀርቡልዎ ጠግቤያለሁ ብለው ተነሡ። እሳቸው አለቀሱ። ‹ቤቴ ቆሽሾ ይሆን ወይ?› ብለው የጠየቁት እኔን ነው።»

አቶ ቀጀላ ቀጥ ብለው ቆሙ። «አለቀሱ? እኔ እኮ ላለማስቸገር ብዬ ነው!»

«ይቸገሩልዎታ! ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ ‹ያቀረቡላችሁን ብሉ› አላላቸውም? ሳምራዊቷን ሴትስ መጀመሪያ ውሃ አይደለም የለመናት? ትምህርቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ ሽማግሌው፣ በቀላሉ ላለመረታት። «ግን ድሆች ናቸው። ከልጆቻቸው አፍ ነጥቄ ልብላ?»

«ጥቂት ይብሉ፤ ግን ይብሉ። ደሃ ነሽና አትስጪኝ ማለት ድህነቷን ፊቷ ላይ መንገር ነው። ሁልጊዜ ሰጪው እርስዎ፣ ተቀባዩ እነሱ ከሆኑ፣ የጸሎቱን ቤት እንዴት አድርገው ‹ቤታችን› ይበሉት?»

«ሐሜቱስ?»

«ገንዘብ አይቀበሉ። ከባለጸጋውም ከደሃውም ቤት እኩል ይብሉ። ከዚያ በኋላ ማን ያማዎታል?»

አቶ ቀጀላ የቀረውን ቆሎ ኪሳቸው ከተቱ። መጽሐፉን በቃላቸው ያውቁታል፤ ያ ቃል ለራሳቸውም የተነገረ መሆኑ ግን ገና ዛሬ ገባቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ኩሩ ሰው ናቸው፤ ኩራታቸውን ትሕትና ብለውት ኖሩ እንጂ።

አብረው ዳገቱን ወጡ። አቶ ቀጀላ ጂቱን «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ብለው ሕፃኑን መረቁ። ወይዘሮ ሎሚም እንደማይበሉ እያወቁ፣ ለወጉ ያህል፣ «በሞቴ፣ ከአራሷ ገንፎ ትንሽ ይቅመሱ» አሉ።

«እስቲ ያምጡልኝ!»

ወይዘሮ ሎሚ ተጣድፈው የእጅ ውሃ አቀረቡ። አቶ ቀጀላ እጃቸውን ታጥበው፣ ገንፎውን በጣታቸው እየቆረሱ ከቅቤው እያጠቀሱ፣ አፋቸውን ሞልተው በሉ። እንዴት ይጥማል! «ኧረ ድገሙኝ!» ቢሉ ወይዘሮ ሎሚ እልልታውን አቀለጡት፤ ጂቱም ከአልጋዋ ሆና ሳቀች።

«ዛሬ ገና ቤቴ ገቡ!» አሉ ወይዘሮ ሎሚ እንባቸውን እየጠረጉ። «የተጸየፉኝ መስሎኝ ስንቱን አሰብኩ!»

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ደግሞ እኔ ልለምንዎ። እሑድ ቤቴን የሚያሰናዳልኝ፣ እንግዳ የሚቀበልልኝ የለም። ይመጡልኛል?»

«ምን ገዶኝ! ጎረቤቱን ሁሉ ይዤ!»

እንዳሉትም አደረጉ። እሑድ ማለዳ አንዷ ቄጠማ ጎዘጎዘች፣ አንዷ እንስራ ውሃ ይዛ መጣች፣ ባሎቻቸውም ከየቤታቸው በርጩማ ተሸክመው ገቡ። መቀመጫ ያጣው በር ላይ ቆመ። መንጋ ለመሰብሰብ የምትደክም ሰባኪ ሁሉ ይኸን ልብ በል፤ ጎረቤትህ ወንበር ተሸክሞ የገባበትን ቤት ባዶ አይተወውም፤ እጁን የቀመስክለት ሰው ቃልህን ይሰማልሃል፤ አንተም ብቻህን ስትሸከመው የኖርከውን ሸክም ለሌሎች ታካፍላለህ። አቶ ቀጀላ ያን ዕለት በኦሮምኛም በአማርኛም ሰበኩ፤ ደስታቸውም ከድምፃቸው ያስታውቅ ነበር።

ሕዝቡ ሲበተን ወይዘሮ ሎሚ ቀረብ አሉና፣ «ነገ አገርዎ ሊገቡ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ብለው በሥጋት ጠየቁ።

አቶ ቀጀላ ባርኔጣቸውን አስተካከሉና፣ «የት አባቴ ልሄድ?» አሉ። «ገና ስንት ቤት ሳልበላ!»