ሐሙሲት ላይ «የጎደለው» ሰማንያ ኪሎ ዘይት

እንደምን ዋላችሁ። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ዛሬ የጡረታ መሸኛዎ ነውና እርስዎ አርፈው ይቀመጡ፣ እኔ ላውራ። ካጋነንኩ ያርሙኛል፤ መቼም ሳያርሙ ውለው አያውቁም።

በ1986 ዓ.ም. ወደዚህ ደብረ ታቦር የሸማቾች ማኅበር መጋዘን ለሥራ ሲመጡ እኔ ጭነት አራጋፊ ነበርኩ። ኃላፊያችን አቶ ካሳሁን «አረፍ ይበሉ» ሲሉዎት ወንበር አጡና ትልቁ ሚዛን ላይ ቁጭ አሉ። አቶ ካሳሁን መርፌውን አዩና ሳቁ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ሃምሳ አራት ኪሎ ነዎት።»

«ሃምሳ ሁለት ነኝ። ሚዛናችሁ ሁለት ኪሎ ይዋሻል።»

አስመረመርነው። እውነትም ይዋሻል። ሥራ ሳይጀምሩ ሚዛናችንን ገምግመው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ «ዘይት ስጡኝ» ያለ ሁሉ «በኪሎ ነው በሊትር?» ሳይባል ያለፈ የለም። በአንድ የጾም ወቅት መሪጌታ ገብረየሱስ ለዝክር አምስት ኪሎ ዘይት ፈልገው ዲያቆኑን ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አስይዘው ላኩት። እርስዎ ምን አሉት?

«አምስት ኪሎ ዘይት አምስት ሊትር ተኩል ሊሆን ምንም አይቀረው፤ እዚህ አይገባም። ወይ ቃሉን ወይ ጀሪካኑን ይለውጡ በልልኝ።»

ዲያቆኑ ሄዶ ተመለሰ። «መሪጌታ ቃሌን ለውጫለሁ ብለዋል» አለ። መጋዘኑ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ግን በዚህ ነገር መሳቅ ያቆምኩት በ2006 ነው። ያኔ ሐሙሲት ቅርንጫፍ ዘይት አከፋፋይ ሆኜ ነበር። ሃምሳ ጀሪካን መጣልኝ፤ እያንዳንዱ ሃያ ሊትር። የማኅበሩ የቁጥጥር ኮሚቴ አንዱን መዘነ። የባዶ ጀሪካኑ ክብደት ሲቀነስ አሥራ ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም ሆነ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በሃምሳ አባዛና ከሺህ ኪሎ ቀንሶ ዞረብኝ።

«ሰማንያ ኪሎ ጎድሏል። አንዱአምላክ፣ የት አደረስከው?»

የገበያ ቀን ነው፤ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። ሌባ የሚለውን ቃል ከኋላ ሰማሁት። እኔም ሃያ ሊትር ሃያ ኪሎ ይመስለኝ ነበር። ቁልፉን ተቀበሉኝ። ለእርስዎ ደወልኩ። እርስዎ «ጀሪካኖቹን ማንም እንዳይነካ፤ መጣሁ» ብቻ አሉኝ።

ከደብረ ታቦር በሚኒባስ፣ የሊትር መስፈሪያዎን ታቅፈው ደረሱ። ከሰልፈኛ ውሃ ለመኑ። የመስፈሪያውን ክብደት ቀንሰው አንድ ሊትር ውሃ መዘኑ፤ አንድ ኪሎ። ውሃውን ደፍተው፣ መስፈሪያውን በነጠላዎ ጫፍ አድርቀው፣ ካልተከፈተ ጀሪካን ዘይት እስከ አፉ ሞሉት። ዘጠኝ መቶ ሃያ ግራም።

ሰብሳቢው «ሌላ ሚዛን ይምጣ» አለ። ከሱቅ መጣ። ያው ዘጠኝ መቶ ሃያ።

«ልጄ፣ ዘይት ከውሃ ይቀላል» አሉት። «ዘጠኝ መቶ ሃያው ሃያ ጊዜ ሲባዛ አሥራ ስምንት ኪሎ ከአራት መቶ ነው፤ ሃያ ሊትሩ ሙሉ ነው። ኪሎው ነው ያነሰው። አንዱአምላክ የወሰደው ነገር የለም።»

ጌጤ የምትባል ሰልፈኛ «ይኼንንማ ወጣችንም ያውቀዋል፤ ዘይቱ መቼም ከላይ ነው» አለች። ሰዉ ሳቀ። ሰብሳቢው ቁልፉን በሁለት እጁ መለሰልኝ፤ ይቅርታም ጠየቀኝ፣ በዚያው ሰልፍ ፊት።

እትዬ ጥሩወርቅ፣ ያን ቀን ነገ እመጣለሁ ቢሉኝ ኖሮ ሌሊቱን ሌባ ሆኜ ነበር የማድረው። ነገር ሳይመዘን በሰው ላይ እንዳይፈረድ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይኸው ልጆቼ በሐሙሲት ገበያ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሄዳሉ። እግዜር ይስጥልኝ።

በሉ፣ ጠላም የያዛችሁ ለስላሳም የያዛችሁ ብርጭቆ አንሡ። እትዬ፣ ጋፋት አጠገብ ያለው ጓሮዎ ይለምልም፤ ጉልበትዎ ይጽና፤ የልጅ ልጆችዎን ድረው ይሳሙ። ከነገ ጀምሮ ለሥራ ብሎ የሚደውልብዎት አይኖርም። እኔ ግን በየጠዋቱ እደውላለሁ፤ እንዴት አደሩ ልልዎት ብቻ።

ለእትዬ ጥሩወርቅ ጤና።