ሁለተኛ ጊዜ ያልተጠየቀው እንግዳ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወደምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ ወደ ኦሮራ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ጎረቤቴን አቶ ኢሳይያስንና ነርስነት የምትማረውን የልጅ ልጃቸውን ናዝራዊትን አገኘኋቸው። ክርክር ይዘው ስለ ነበር ሰላምታ ሰጥቼ ዝም ብዬ አዳመጥሁ።

«አባባ፣ ከእኛ በታች የሚኖሩት ሚስስ ፔሪን ዛሬ ጠቅልለው እንግሊዝ አገራቸው ሊገቡ ነው። ልጃቸው ሊወስዳቸው መጥቷል። አይሰናበቷቸውም?»

«የናቀችኝን ሴት ምን ብዬ ልሰናበታት?»

«እንዴት ናቁዎት?»

«ይኸው ሁለት ዓመት! በሯ ላይ ቆማ ሻይ ይጠጣሉ ወይ አለችኝ። እኔም እንደ ወጉ አይ፣ አመሰግናለሁ አልኳት። ‹እንዳሻዎት› ብላ ገባች! በሞቴ አላለች፣ እጄን አልጎተተች!»

ናዝራዊትን ሳቅ አመለጣት። «ቢጎትቱዎት ፖሊስ ይጠሩ ነበራ!»

«ሳቂ፣ ሳቂ። አንዴ ጠይቆ መተው ግብዣ ነው? ከአንገት በላይ ነው እንጂ።»

«ይስሙኝ አባባ። እንግሊዞች ዘንድ አይ ያለን ሰው መወትወት ነውር ነው፤ የሚያከብሩት ቃሉን በማመን ነው። እርስዎ አይ አሉ፤ እሳቸውም አመኑዎት።»

«ታዲያ እንደ ራበው ሰው ወዲያው እሺ ልበል?»

«ከፈለጉ አዎን፣ ካልፈለጉ አይ። መግደርደሩን ለእኛ ሰው ያቆዩት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ አስቁመውኝ ‹አያትሽን በምን አስቀየምኳቸው?› አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲከነክናቸው ኖሯል።»

አቶ ኢሳይያስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። እኔም ሳልጠይቅ በልቤ የፈረድሁባቸውን ሰዎች አሰብሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ስንደርስ የሚስስ ፔሪን ሻንጣ ሁሉ መኪና ላይ ተጭኗል። አቶ ኢሳይያስ ወደ ሴትዮዋ ቀርበው በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ያን ቀን ሻዩን ፈልጌ ነበር። በአገሬ ወግ፣ ደግመው እስኪጠይቁኝ ነው የጠበቅሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሏቸው።

የሴትዮዋ ዓይን እንባ አቀረረ። «እኔ ደግሞ እንዳላስጨንቅዎት ብዬ ነው።» ልጃቸው ሰዓቱን ሲያይ እሳቸው ፈጠን ብለው፣ «ደብዳቤ ብጽፍልዎት ይመልሱልኛል?»

«አዎን!» አሉ አቶ ኢሳይያስ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

የሌላውን ወግ ጠይቆ የሚረዳ ሰው ከከንቱ ቂም ይድናል፤ ጎረቤትም ያተርፋል። የራሱ ወግም አይጎድልበትም። አቶ ኢሳይያስ ይህን ተቀብለዋል፤ የዘገየው ግን ዘግይቷል። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣

«ከእኔ ቤት እስከ እሳቸው በር ዐሥራ አራት ደረጃ ነው» አሉ። «አንድ ቀን ወርጄ ብጠይቃቸው ምን ነበረበት?»