ክዳኑ የማይነካው የማልሱን ጋን

ጋሼ ፒልጉ፣ እጅዎን ከክዳኑ ላይ ያንሱ። ያለ ሆንጎ ዓሣ የተሸኘ ሙት በዮንግሳንፖ ታይቶ አይታወቅም ማለትዎን ሁላችንም ሰምተናል። ይህ የአክስቴ የመጨረሻ ጋን ነው። የሕይወት ታሪካቸውን አንብቤ ልጨርስና ከዚያ በኋላ የሚደፍር ካለ ይክፈተው።

ወይዘሮ ኩ ማልሱን ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ኩ ቻንግዶል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢም የዛሬ ሰማንያ ሁለት ዓመት በሁክሳን ደሴት ተወልደው፣ ትምህርታቸውን ከአራተኛ ክፍል አቋርጠው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው እዚህ ወንዝ ዳር ለአቶ ናም ዮንግቴ ተድረው፣ በሦስተኛው ዓመት ባላቸውን ወንዙ ሲወስድባቸው ያለ ልጅ መበለት ሆነው ቀሩ፤ ሆንጎውን በገለባ እየሸፈኑ፣ እስኪከረፋ በጋን እያብላሉ መሸጥም ያን ጊዜ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ ስማቸው ዓሣው ሆነ። ከሴኡል ድረስ መኪና አስነድተው የሚመጡ ሰዎች በአንድ ጉርሻ ዓይናቸው እያነባ «የማልሱን እጅ ይሄ ነው» ይሉ ነበር። እናንተም ከአሳማ ሥጋ ጋር ጠቅልላችሁ፣ በሩዝ ጠላ እያወራረዳችሁ አሞግሳችኋቸዋል። አውቶቡስ ላይ ግን አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው አላየሁም። «መስኮት ክፈቱ፣ ሽንት ቤቱ ተሳፈረ» የሚለውን ቀልድ ያመጡት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ ፒልጉ። ትናንት እንባዎን ሲጠርጉ አየሁዎት።

ወላጆቼ ሲሞቱ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የረሳሁትን ምሳ ይዘው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቢቆሙ፣ ልጆቹ «የምትገማው ያንተ ናት እንዴ?» አሉኝ። «አላውቃትም» አልኩ። ሰምተው፣ ምሳውን ለዘበኛው ሰጥተው ሄዱ። በማግስቱ ትምህርቱን ተውኩ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም። ስለዚህ የምጸየፈው እናንተን ብቻ አይደለም።

ባለፈው ክረምት ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ሲገቡ፣ ጎናቸው የተኛችው ሴት አልጋ ቀይሩልኝ ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆዳቸው እስኪላጥ እጃቸውን በሳሙና ሲፈትጉ ሰንብተው፣ በቀብሬ ቀን ያ ሽታ እንዳይኖር ብለው ለምነውኝ፣ ከሦስት ቀን በፊት ዐረፉ።

ከኋላቸው የቀረነው እኔ የወንድማቸው ልጅ ኩ ቴሶብ፣ ይህ ጋን፣ እና በጉርሻ ብቻ የምታውቋቸው እናንተ ነን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን አጠገባቸው የተቀመጠ ተነሥቶ በማይሸሽበት ስፍራ ያሳርፍልን።

እሑድ ጠዋት እጃቸውን ወደ አፍንጫዬ አስጠግተው ለመጨረሻ ጊዜ ያሉኝ ይህንን ነው፦

«ቴሶብ፣ የኔ ልጅ፣ እስቲ አሽትተኝ፤ አሁንስ ለቀቀኝ?»