ሎጋሪዝም በአጋሮ መንገድ

አቶ ኩመራ አጋሮ ላይ የጅማውን ሚኒባስ ሲሳፈሩ ልባቸውን አጠንክረው ነበር። ልጃቸው አያንቱ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ማጥናቷን ትታ ወደ እርሻ ትምህርት እንድትዛወር ቆርጠዋል። የዝውውሩ ቀን የሚያበቃው ዛሬ ነው፤ እሳቸው ደግሞ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት መጽሐፍ ገልጣለች። ገጹ ላይ አንድ ጎባጣ መስመር ተስሏል።

«ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የሎጋሪዝም ታሪክ ነው አባቴ። ሌንሳ እባላለሁ፤ ጅማ ሒሳብ አስተምራለሁ።»

አቶ ኩመራ ባላጋራቸውን ያገኙ መሰላቸው። «ደግ ተገናኘን! ለመሆኑ ይሄ ነገር ለቡና ገበሬ ምን ይፈይዳል? ልጄን እኮ ወሰዳችሁብኝ!»

ሌንሳ አልተቀየመችም። «ሳይቆጡ ይስሙኝ። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ግድም አንድ የስኮትላንድ ሰው ማባዛትን በመደመር የሚያቃልል ሠንጠረዥ ለማውጣት ሃያ ዓመት ደከመ። ከእሱ በኋላ ቤልጂየም ውስጥ አንድ መነኩሴ ስፋቱ ከክብ ጋር እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ለመሥራት ሲለፋ ኖረ። አልሆነለትም።»

«ይኸው! ልፋት ብቻ!»

«መንገድ ላይ ግን ይህን ጎባጣ መስመር መረመረ። እርሻ ነው ይበሉት፤ ከመነሻው ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ወርዱ በግማሽ የሚጠብ እርሻ። ከአንድ እርምጃ እስከ ሁለት፣ ከሁለት እስከ አራት፣ ከአራት እስከ ስምንት ያለው መሬት ስፋቱ እኩል ነው።»

መሬት ሲባል የአቶ ኩመራ ጆሮ ይቆማል። ጉልበታቸው ላይ በጣታቸው ለኩት። ሲረዝም ይጠባል፤ እውነትም እኩል ነው።

«ርቀቱ ሲባዛ ስፋቱ ይደመራል ማለት ነው። ይህ ራሱ ሎጋሪዝም መሆኑን ያስተዋለው ግን መነኩሴው አይደለም፤ ተማሪው ነው። የተፈጥሮ ሎጋሪዝም የሚል ስም የወጣለት ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ተማሪው ነው ያየው አልሽኝ?»

«አዎ አባቴ። እርስዎስ ቡናው መድረቁን በምን ያውቃሉ?»

አቶ ኩመራ ለማንም ያልነገሩትን ተናገሩ። አምና ማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጡት ቡና በአንድ ሳምንት ትርፍ እርጥበቱ በግማሽ ወረደ። የቀረው ግማሽ በሌላ ሳምንት ያልቃል ብለው ጆንያ ውስጥ ከተቱት። ሻገተ። «አያንቱ ‹አባ፣ አልደረሰም› ብላኝ ነበር። ‹ሒሳብሽን እዚያው!› አልኳት።»

«ልክ ነበረች» አለች ሌንሳ በቀስታ። «ፀሐዩ ካልተለወጠ በሁለተኛው ሳምንት የሚሄደው ከቀረው ላይ ግማሹ ብቻ ነው፤ ሩቡ ይቀራል። ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብዎ የሚነግርዎ ይኸው ሎጋሪዝም ነው።»

ጅማ መናኸሪያ ሲደርሱ አያንቱ የዝውውሩን ቅጽ ይዛ አባቷን እየጠበቀች ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። «ሞልቼዋለሁ፣ አባ።»

አቶ ኩመራ ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ይሄ እኔ ጋ ይቆይ። ዘንድሮ ቡናው ከአልጋ የሚወርድበትን ቀን የምትቆርጪው አንቺ ነሽ። አምና ልክ ነበርሽ፣ ልጄ።»

በመኸሩ አያንቱ ናሙና እየመዘነች ቀኑን ቆረጠች፤ ካወረዱት አንድ ጆንያ እንኳ አልሻገተም። አሁን ጎረቤቶቻቸው ቡናቸውን ከመክተታቸው በፊት የአቶ ኩመራን በር እያንኳኩ «እስቲ ለአያንቱ ይደውሉልን» ይላሉ።