ወደ ጎን የሚተነፍሰው ብረት

(ቆላ ውስጥ ባለ የጠመንጃ መፈተኛ ሜዳ፣ ረፋድ ላይ፤ የጠመንጃ ርግጫ ማብረጃ ብረት የሠራው ኢንጂነር ሲራክ እና ብረቱን ተኩሶ የፈተነው ሻምበል ባሻ ይርዳው ባልተፈረመ ቅጽ ላይ ተፋጠዋል።)

ሲራክ፦ ባሻ፣ የጠየቅሁዎት አንድ ፊርማ ነው፤ ነፍስዎን አይደለም!

ይርዳው፦ ፊርማዬና ነፍሴ አንድ ቤት ነው የሚያድሩት። አልፈርምም።

ሲራክ፦ ጠመንጃውን ጋሪው ላይ አስረን አልተኮስንም? ያለ ብረቱ ሃያ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ብረቱን አፈሙዙ ላይ ስንገጥም ዘጠኝ! በራስዎ ሜትር ነው የለኩት።

ይርዳው፦ ለክቻለሁ። ትከሻዬም ይመሰክርልሃል፤ እንደ በቅሎ ይራገጥ የነበረው ጠመንጃ ዛሬ እንደ በግ ተኛልኝ። ሦስቱም ጥይት መዳፍ በማታህል ቦታ ነው ያረፉት።

ሲራክ፦ ታዲያ ምን ቀረ?

ይርዳው፦ አሥር አለቃ ሰዓዳ ቀረች። ከጎኔ ተኝታ በመነጽር ዒላማውን ስታይልኝ፣ በሦስተኛው ጥይት ጆሮዋን ይዛ ተነሳች። በጣቶቿ መሀል ደም ይወርድ ነበር።

ሲራክ፦ የጆሮ መከለያውን አላጠበቀችው ይሆናላ።

ይርዳው፦ ድሮስ፣ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነው! ያጠበቅሁላት እኔ ነኝ።

ሲራክ፦ ክሊኒኩ ምን አለ?

ይርዳው፦ ወደ እኔ የነበረው ጆሮዋ ታምቡሩ ተቀዷል። ትስማ አትስማ ገና አይታወቅም።

ሲራክ፦ እኔም አዝኛለሁ። ግን ቅጹን ያንብቡት፦ ርግጫ፣ ዒላማ፣ ጥንካሬ። አጠገብ ስላለ ሰው ጆሮ የሚጠይቅ መስመር የለውም።

ይርዳው፦ ዳር ዳሩ ሰፊ ነው፤ እዚያ እጽፈዋለሁ።

ሲራክ፦ ብረቱን የሚያጸድቀው ኮሚቴ አሁን ይደርሳል። ዛሬ ካላለፈ ብረቱ የተሠራበት ወርክሾፕ ይዘጋል፤ አርባ ሠራተኛ ይበተናል። ዛሬ ይፈርሙልኝ፣ ነገ አስተካክለዋለሁ።

ይርዳው፦ የእህቴ ባልም እዚያው ቶርኖ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው፤ ለእኔ አትንገረኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደግሞ ነገ ስንት ሰው ከዚህ ጠመንጃ ጎን እንደሚተኛ ታውቃለህ? አሁን እኔ ልጠይቅህ። ይኼ ባለፈው ወር የፈተንነው ብረት ነው?

ሲራክ፦ ያው ነው።

ይርዳው፦ ተው! ያኔም የተኮስኩት እኔ ነኝ። ሰዓዳም ከጎኔ ነበረች፤ ምንም አልሆነችም።

ሲራክ፦ ትንሽ… ጠርዙን ነካ ነካ አድርገነዋል።

ይርዳው፦ እጅህን አምጣ። የብረቱን ቀዳዳዎች ዳብሳቸው። ያኔ ቀጥ ብለው ወደ ጎን ነበር የሚያዩት፤ አሁን ወደ ኋላ ዘመዋል። ከጥይቱ ጋር የሚወጣው ጋዝ በየት በኩል ነው የሚሄደው?

ሲራክ፦ ወደ ኋላ ሲገፋ ነው ርግጫውን የሚያበርደው። የበፊቱ የቀነሰው ሲሶ አይሞላም ነበር፤ የተጠየቅነው ግማሽ ነው።

ይርዳው፦ ለራሱ ሲቆርስ አያሳንስ አሉ! ከእኔ ትከሻ ያነሳኸውን ዱላ ሰዓዳ ጆሮ ላይ አሳረፍከው። ለማን ነገርክ?

ሲራክ፦ ለማንም።

ይርዳው፦ እንደሚመታት ታውቅ ነበር?

ሲራክ፦ ባሻ…

ይርዳው፦ ታውቅ ነበር ወይ?

ሲራክ፦ ትናንት ከጠመንጃው ጎን ሸራ ወጥሬ ለብቻዬ ተኩሼ ነበር። ሸራው ተተረተረ።

ይርዳው፦ ሸራ ሲተረተር አይተህ ሰው አስተኛህበት?

ሲራክ፦ ሸራ ሌላ፣ ሰው ሌላ አልኩ። መከለያው ይበቃታል አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ሳሳምን ነው ያደርኩት።

ይርዳው፦ ጠዋት ከመተኛቷ በፊት ወደ አንተ መጥታ ነበር። ከሩቅ አይቻችኋለሁ። ምን አለችህ?

ሲራክ፦ «ኢንጂነር፣ እዚህ ልሁን ወይስ ራቅ ልበል?» አለችኝ።

ይርዳው፦ አንተስ?

ሲራክ፦ «እዚያው ሁኚ» አልኳት። ራቅ ካለች እርስዎ ለምን እንደራቀች ይጽፉታል ብዬ ፈራሁ።

ይርዳው፦ ይኸው የኮሚቴው መኪና ኬላው ጋ ቆመ። የእህቴ ባልም፣ አርባው ሰውም ከእኛ አፍ ነው የሚጠብቁት። ምን ልበላቸው?

ሲራክ፦ ምንም አይበሉ። እስክሪብቶውን ይስጡኝ፤ «ወድቋል» ብዬ እኔው እጽፋለሁ፤ ሰዓዳን እዚያ ማን እንዳስተኛትም።