ራሳቸውን ያስከሰሱት ጠበቃ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው ጠበቃ ከቤት ቀለም ቀቢ አባታቸውና ከነርስ እናታቸው የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተወለዱ። በልጅነታቸው አባታቸው ሊቀጧቸው ሲነሱ «እማዬ ትስማኝ!» እያሉ ወደ ጓዳ ይሮጡ ስለነበር፣ ቤተሰቡ «ይግባኝ» የሚል ቅጽል ስም አወጣላቸው።

በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተምረው፣ በዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፣ በሃያ አራት ዓመታቸው የጥብቅና ፈቃድ አወጡ። ሥራቸው ለከሰሩ ነጋዴዎች በፍርድ ቤት መከራከርና በሙያ ጥፋት ሰው የጎዱ ሐኪሞችን፣ የሒሳብ መርማሪዎችንና ጠበቆችን መክሰስ ነበር። ስለዚህም በሙያ ባልደረቦቻቸው ዘንድ ከመወደዳቸው ይልቅ መፈራታቸው ያመዝን ነበር።

ትዳር የመሠረቱት የቢሯቸውን መብራት ሊጠግን ከመጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ነው። በሁለት ቀን እጨርሳለሁ ብሎ አምስት ቀን በመፍጀቱ፣ ስለ ውል ማፍረስ ሰፊ ማብራሪያ ተሰጥቶታል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ወርክሾፑ ከስሮ ሊሸጥበት ለነበረ አንድ ሽማግሌ አናጺ ሲከራከሩ፣ የይግባኙን ጊዜ ውሳኔው ከተነበበበት ቀን መቁጠር ሲገባቸው ግልባጩን ከወሰዱበት ቀን ቆጠሩ። ዘጠኝ ቀን ዘገዩ፤ ይግባኙም ቀረ። ስሕተቱን ከእሳቸው በቀር ያወቀ አልነበረም፤ «አልተሳካም» ቢሉት አናጺው ያምናቸው ነበር። እሳቸው ግን በማግሥቱ ወርክሾፑ ድረስ ሄደው እውነቱን ነገሩት፤ ሊከሳቸው የሚችል ብርቱ ጠበቃ ስምም ጽፈው ሰጡት።

«አንቺ ልጅ፣ ጤናም የለሽ እንዴ? እኔ አንቺን ልክሰስ?»

«ጋሼ፣ ሌላውን በዚህ ጥፋት ስከስ ነው የኖርኩት። ይልቅ ቶሎ ይበሉ፣ ይሄኛውም ቀን አለው።»

አናጺው ከሰሰ፤ እሳቸውም ክሱን አመኑ። ካሣው ተከፍሎ ወርክሾፑ ተረፈ። የጠበቆች ዲሲፕሊን ጉባኤ ግን ፈቃዳቸውን ለስድስት ወር አገደ። ቀድሞ እሳቸው ከስሰዋቸው የነበሩ ጠበቆች «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው» እያሉ ተሳለቁባቸው።

በእነዚያ ስድስት ወሮች ቤት ዋሉ። ከልጆቻቸው ጋር ቁርስ በሉ፤ ወንድ ልጃቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው መለሱ፤ ሴት ልጃቸው የመጀመሪያ እርምጃዋን የተራመደችው ወደ እሳቸው ነው። እገዳው በተነሣ በሦስተኛው ሳምንት በደም ካንሰር መታመማቸው ታወቀ፤ አምስት ወር ያህል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዐረፉ።

እናታቸውን፣ እህታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ የስድስት ዓመት ወንድ ልጃቸውንና ሃያ ወር የሆናትን ሴት ልጃቸውን ትተው ሄደዋል።

ስድስቱን ወሮች እስከ መጨረሻው «ቅጣቴ» ይሏቸው ነበር። ወንድ ልጃቸው ዛሬ ስለ እናቱ የሚያወራው ሁሉ የእነዚያ ወሮች ነው። ያንን ቅጣት የፈረዱ ሰዎች እዚህ ካሉ፣ ቤተሰቡ ያመሰግናቸዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ልጆቻቸውንም ያሳድግልን።